የዋግ ደምና የቀራንዮ ካሣ

ካሣ የሚለው ቃል በአማርኛ በሦስት ስፍራ ይነገራል። ሰው ሰውን የገደለ ወይም ያቈሰለ እንደ ሆነ ሽማግሌ ተቀምጦ ለተበዳይ ወገን የሚያስከፍለው ዋጋ ካሣ ይባላል። ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ሌላ ልጅ የወለዱ እንደ ሆነ፣ ያለፈው ኀዘን በአዲሱ ልጅ ይረሳ ዘንድ ሕፃኑን ካሣ ብለው ይሰይሙታል። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ መምህሩ ምሥጢረ ሥጋዌን ሲያስተምር፣ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በቀራንዮ ስለ አዳምና ስለ ልጆቹ የከፈለውን ዋጋ ካሣ ይለዋል። ቃሉ ካሕሳ ከሚለው ግእዝ የወጣ ሲሆን፣ የጎደለውን መሙላት፣ የጠፋውን መተካት፣ የተጣላውን ማስታረቅ ማለት ነው። እነዚህ ሦስቱ ካሣዎች በአንድነት የተገናኙበት አገር ቢፈለግ ከዋግ የቀረበ አይገኝም። የዋግ ታሪክ በደም የተጠየቀ፣ በደም የተከፈለ፣ ሆኖም ሳይዘጋ የቈየ የዕዳ መዝገብ ነውና።

ዋግ በላስታና በተከዜ መካከል ያለ ደጋና ቈላ የተቀላቀለበት፣ ተራራው ድንጋያማ፣ ዝናሙ ቈጣቢ የሆነ አገር ነው። ሕዝቡ ኽምራ ከሚባለው የአገው ወገን ሲሆን ቋንቋው ኽምጣኛ ይባላል፤ ዛሬም አገሩ በአማራ ክልል ውስጥ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ተብሎ ይጠራል። ዋና ከተማው ሰቆጣ ነው። ገዢው ከጥንት ጀምሮ ዋግሹም ይባል ነበር። የአገሩም ትውፊት እንደሚናገረው ዋግሹሞች የዛጉዌ ነገሥታት ዘሮች ናቸው፤ በ13ኛው መቶ ዓመት መንግሥት ከዛጉዌ ወደ ይኵኖ አምላክ ቤት በተመለሰ ጊዜ፣ ለቀድሞው ነጋሢ ወገን ዋግ በርስትነት እንዲጸናለት በቃል ኪዳን ተወሰነ።

ይሁን እንጂ ይህ የመንግሥት ዝውውር በሁሉም ዘንድ በአንድ ዓይነት አይነገርም። አንዱ ትውፊት ንጉሡ ነአኵቶ ለአብ በአባቶች ምክር በሰላም ዙፋኑን እንደ ለቀቀ ይተርካል። ሁለተኛው ግን የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ ድል ሆኖ ወደ ጋይንት ሸሽቶ፣ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተማጥኖ ሳለ እንደ ተገደለ ይናገራል። አንደኛው ትውፊት የቃል ኪዳን ነው፤ ሁለተኛው የደም ነው። አስተዋይ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያያቸው አንድ ነገር ይረዳል፤ ይኸውም የኋላው ትውልድ ቃል ኪዳኑን አጥብቆ የሚያነሣው በሥሩ ደም እንዳለ ስለሚያውቅ መሆኑን ነው። ባልተጣላ ሰው መካከል ዕርቅ አይጠራምና።

ከሰቆጣ ከተማ አቅራቢያ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስሙ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይባላል። እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዝናው በዓለም አልናኘም፤ ነገር ግን ዐምዱና መስኮቱ በአለት ላይ በጥንቃቄ የተቀረጸ፣ የአሠራሩ ብልኀት የሚያስደንቅ ነው። በዚያም የዋግ መኳንንት አስከሬን በሣጥን ሆኖ ያረፈ አለ። ጦር የመሩ፣ ፍርድ የፈረዱ፣ ነጋሪት ያስጐሰሙ ሰዎች አጥንት ዛሬ ያለ ሰይፍና ያለ ጋሻ፣ ስሙ የክርስቶስ መስቀል በሆነ ቤት ውስጥ ተጋድሟል። ስለዚህ ቤት በኋላ ይመለስበታል።

ሰቆጣ የገበያ ከተማ ነበረች። ከአፋር ቈላ፣ አርሆ ከሚባለው የጨው ምድር የተቈረጠው አሞሌ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ ሰቆጣ ካረፈባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዷ ናት። አሞሌ የሚላስ ጨው ብቻ አልነበረም፤ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል እንደ ገንዘብ ያገለገለ ነው። ከጨው ምድር በራቀ መጠን ዋጋው ይከብዳል፤ በቀረበ መጠን ይረክሳል። ከአፉ የተሰበረ እንደ ሆነ ነጋዴው አይቀበለውም፤ ዝናም የነካው እንደ ሆነ ሟሙቶ ያልቃል። የሰቆጣ ሰው እንግዲህ ሁለት ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ይማር ነበር፤ ሁሉም ነገር ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋ የሚከፈልበትም ነገር ራሱ ጠፊ እንደ ሆነ። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምእመናን የተዋጁት በሚጠፋ በብርና በወርቅ ሳይሆን ነውር በሌለበት በበጉ በክርስቶስ ክቡር ደም መሆኑን ሲያስተምር፣ አሞሌ ሲቀልጥ ያየ ሰው ነገሩ ያለ ብዙ ሐተታ ይገባዋል።

ስለ ነፍስ ግን ገበያ አልነበረም፤ የነበረው የደም ሕግ ነው። በአሮጌው ልማድና በፍትሐ ነገሥት ፍርድ ነፍሰ ገዳይ ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር። የሟች ወገን ሲሻ ይገድለዋል፤ ሲሻ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይምረዋል። ሽማግሌ የገባበት እንደ ሆነ ገዳይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በሟች ወገን እግር ላይ ይወድቃል። ይህ ልማድ ዓይን ያለው ልማድ ነው። ድንጋዩ የጥፋቱ ክብደት ነው፤ መውደቁ ሕይወቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኗን ማመኑ ነው፤ ተነሥ መባሉ ምሕረት ነው። ሽማግሌ ካልገባበት ግን ደም ደምን ይጠራል፤ ልጅ የአባቱን ገዳይ ይፈልጋል፤ የገዳዩም ልጅ በተራው አድጎ ያንኑ ይፈልጋል። ደመኛ የሚለው ቃል ለገዳይም ለሟች ወገንም በአንድነት የሚነገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱን አንድ ገመድ አስሯቸዋልና።

ይህ የደም ሕግ በመኳንንት ቤት ሲገባ አገርን ያነዳል። ለዚህም የዋግሹም ገብረ መድኅን ቤት ምስክር ነው።

በ1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ኃይሉ አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የተከፋፈለውን አገር አንድ ለማድረግ ያደረገው ጥረት ታላቅ ነው፤ የቅጣቱም ብርታት እንደዚሁ ታላቅ ነበር። በእርሱ ትእዛዝ ከተገደሉት መኳንንት አንዱ ዋግሹም ገብረ መድኅን ነው። ገብረ መድኅን ማለት የመድኃኒት አገልጋይ፣ የአዳኙ ባሪያ ማለት ነው። ልጁ ጎበዜ የአባቱን ደም በልቡ ይዞ ሸፈተ፤ ላስታንና ዋግን ይዞ ኃይሉ እየበረታ ሄደ። የቴዎድሮስ መንግሥት በሁሉም አቅጣጫ ሲሸረሸር፣ የዋግሹም ጎበዜ ስም ከታላላቆቹ ባላንጣዎች ጋር የሚጠራ ሆነ።

ነገር ግን ጎበዜ የአባቱን ደም በእጁ አልመለሰም። የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ወጥቶ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጁ ሞተ። ደመኛው ከደመኛው እጅ አመለጠ። በዚያው ዓመት ክረምት ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። አባቱን የገደለው ሰው የተቀመጠበትን ዙፋን ወረሰ፤ እንዲህ ያለው ለደም ብድራት የሚበቃ ይመስላል። ግን ዘውድ የጫነው ጳጳስ በሌለበት ጊዜ ነው፤ አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. መባቻ በመቅደላ እስራት ላይ ሳሉ ዐርፈው ነበርና።

በትግራይ ደግሞ ሌላ ካሣ ተነሣ፤ ይኸውም ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ነው። ተክለ ጊዮርጊስ የካሣን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫን አግብቶ ነበር። ጋብቻ በመሳፍንት ቤት ብዙ ጊዜ የዕርቅ ማኅተም ሆኖ ያገለግላል፤ በዚህ ግን ማኅተሙ አልያዘም። ተክለ ጊዮርጊስ ብዙ ሠራዊት ይዞ ወደ ትግራይ ዘመተ። ካሣ በቍጥር ያነሰ፣ ነገር ግን እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ በሰጡት መድፍና ጠመንጃ የተደራጀ ሠራዊት ነበረው። በዓድዋ አጠገብ፣ አሳም በሚባለው ወንዝ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1863 ዓ.ም. ተዋጉ። ቀኑ የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ በዓል ነበር። ሁለቱ ሐዋርያት ሌላውን ሳይገድሉ ራሳቸው በተሠዉበት ዕለት፣ ሁለት የክርስቲያን ሠራዊት እርስ በርሱ ተፋጀ። የወይዘሮ ድንቅነሽን ቀን ማሰብ ይገባል፤ በዚያ ጦር ማንም ቢያሸንፍ እርስዋ ከሐዘን አታመልጥም፤ ወይ ወንድም ወይ ባል ይጠፋልና።

ተክለ ጊዮርጊስ ቈስሎ ተማረከ። ዓይኑ ጠፍቶ በእስራት ሳለ እንደ ሞተ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ድል ያደረገው ካሣም ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብቶ አፄ ዮሐንስ ተባለ። እንግዲህ የሆነውን ልብ ይሏል። የገብረ መድኅን ልጅ ከአንዱ ካሣ የአባቱን ካሣ ሲሻ ኖረ፤ ሳያገኘውም ለሁለተኛው ካሣ እርሱ ራሱ ካሣ ሆነ። ስሙ ካሣ የሆነ ንጉሥ ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ካሣው ግን አልተገኘም። ዐሥራ ስምንት ዓመት ቈይቶ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስም በመተማ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቈስለው ሞቱ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ስለ አገራቸውና ስለ ሃይማኖታቸው የሞቱት ሞት የተከበረ ነው። ነገር ግን ያ ሞት ለዋግ ቤት የተከፈለ ዕዳ አልሆነም፤ የዋግም ቤት ያጣውን ዓይን አልመለሰም።

ከዚህ የተለየ ደም ደግሞ በዋግ ፈስሷል። በጠላት ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም. ክረምት በላስታና በዋግ ሕዝቡ በፋሺስት ኢጣልያ ላይ ሲነሣ፣ ከመሪዎቹ አንዱ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ነበር። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደለ፤ ጠላትም ራሱን ቈርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አደረገው። ይህ ደም የበቀል ደም አይደለም፤ ለወገን የተሰጠ ደም ነው። ሰው ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን ቢሰጥ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር እንደሌለ ጌታ በወንጌል አስተምሯልና፣ እንዲህ ያለው ሞት የመስቀሉን መንገድ በሩቅ ይመስላል። ይመስላል እንጂ አይተካከልም። ኃይሉ ከበደ ስለ አገሩ ነፃነት ሊሞት ቻለ፤ ስለ አንድ ሰው ኃጢአት ግን፣ ስለ ራሱም ቢሆን፣ ሞቱን ካሣ አድርጎ ሊያቀርብ አልቻለም። ሰማዕትም ቢሆን የሚድነው በሌላው ደም ነው።

ለምን አይቻልም? አባቶች ይህን ሲያስረዱ ከሽማግሌ ሸንጎ ምሳሌ ይወስዳሉ። በዳይ የበደለው ሰው ክብር ከፍ ባለ መጠን ካሣው ከፍ ይላል። ባልንጀራውን የሰደበ በባልንጀራ ልክ ይክሳል፤ ንጉሥን የሰደበ በንጉሥ ልክ ይክሳል። አዳም ትእዛዝ ያፈረሰው በእግዚአብሔር ላይ ነው፤ ስለዚህ ካሣው በእግዚአብሔር ክብር ልክ መሆን ነበረበት። ይህን ያህል የሚከፍል ፍጡር ከሰማይ መላእክትም፣ ከምድር ጻድቃንም አልተገኘም። በሌላ ወገን ደግሞ የበደለው ሰው ነውና ካሣ ከፋዩም ሰው መሆን ይገባዋል፤ የአንዱን ጥፋት ከወገኑ ያልሆነ ቢክስለት ሸንጎው አይቀበለውም። እንግዲህ ከፋዩ አምላክም ሰውም መሆን አለበት። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ምእመናን ሲጽፍ ሞትን ለኃጢአት እንደሚከፈል ደመወዝ አድርጎ መቍጠሩ ስለዚህ ነው። ደመወዙ ተጠራቅሞ አምስት ሺሕ አምስት መቶ ዘመን ቈየ፤ ተስፋው በደረሰ ጊዜ ቃል ሥጋ ሆነ።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተዋሕዶ የሚለውን ቃል እንዲህ አጥብቃ መያዟ በዚህ ይገለጣል። ቅዱስ ቄርሎስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ431 ዓመት በኤፌሶን ጉባኤ የተከራከረለት ነገር፣ የክርስቶስ ደም የማን ደም ነው የሚል ጥያቄን በውስጡ ይዟል። በመስቀል ላይ የፈሰሰው ከአምላክ የተለየ የአንድ ሰው ደም ብቻ ቢሆን፣ እንደ አቤል ደም ወይም እንደ ማንኛውም ጻድቅ ደም በሆነ ነበር፤ ዓለሙን ሁሉ ሊቤዥ ባልቻለ ነበር። መለኮትና ሥጋ ያለ መለየት፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ ስለ ተዋሐዱ ግን የሥጋ ሕማም የቃል ገንዘብ ሆነ፤ ደሙም የአምላክ ደም ተባለ፤ ዋጋውም ወሰን አጣ። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ ሊቃውንቱን ሰብስቦ ስለ ክርስቶስ ነገር ሲያከራክር፣ በጦር ሜዳ የማይገኘው ካሣ በምን እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ነገር በጉባኤው መካከል ቆሞ ነበር።

ይህን ነገር ምእመናን ከመጽሐፍ ይልቅ በሰሙነ ሕማማት በእግራቸውና በጉልበታቸው ይማሩታል። በዚያ ሳምንት መስቀል አይሳለሙም፤ ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ በሳምንቱ ለሚሞቱት አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ይጸለይላቸዋል። ሳምንቱ የዓመተ ፍዳ መታሰቢያ ነውና፣ ካሣ ያልተከፈለበት ዘመን ምን እንደሚመስል ሕዝቡ ይቀምሰዋል። ዓርብ ስቅለት ሲሆን ግብረ ሕማማት እየተነበበ ቀኑን ሙሉ ይሰገዳል። ወደ ማታ ሰው በካህኑ ፊት ቀርቦ ጎንበስ ሲል፣ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ አድርጎ የስግደቱን ቍጥር ያዝዘዋል። ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ወገን ፊት የሚወድቀው መውደቅ በዚህ ይታሰባል። ልዩነቱ ግን ታላቅ ነው። በሽማግሌ ሸንጎ ድንጋዩን የሚሸከም በዳዩ ነው፤ በቀራንዮ መንገድ ዕንጨቱን የተሸከመው የተበደለው ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ካሣው ሁሉ ከተከፈለ ገዳይ ያለ ዋጋ ይሂድን? ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከብቱ የተነዳበት ገበሬ፣ ክርስቶስ ከፍሎልሃል ተብሎ ባዶ እጁን ይሸኝን? ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አላስተማረችም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ የተቀበለ ዕለት የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ እንጂ ምሕረት አግኝቻለሁ ብሎ ገንዘቡን ሸሽጎ አላስቀረም። ንስሐ አባትም የቀማውን ሳይመልስ ለመጣ ሰው ቀኖና ከመስጠቱ በፊት መልስ ይለዋል። በእግዚአብሔር ፊት የሚከፈለውን ማንም ሊከፍለው አይችልም፤ ስለዚህ በጸጋ ተከፈለ። በሰው ፊት የሚከፈለው ግን ሊከፈል ይቻላልና ግዴታ ሆኖ ይኖራል። ፍርድና ምሕረት እዚህ ላይ አይጣሉም፤ የዳኛው ወንበርም የንስሐው በርም በየስፍራቸው ይጸናሉ።

ተበዳዩም በበኩሉ ትእዛዝ አለበት። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል የተናገረው ምሳሌ የዋግሹሞችን ታሪክ ላነበበ ሰው ይገለጥለታል። ዐሥር ሺሕ መክሊት የተማረለት አገልጋይ፣ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንገቱን አንቆ ያዘው፤ በዚህም የተሰጠውን ምሕረት አጣ። የአባትን ደም የመሰለ ከባድ ነገር መቶ ዲናር ብቻ ነው ማለት በጆሮ ይከብዳል። ጌታ ግን መቶውን ዲናር ትንሽ አላለውም፤ መቶ ዲናር የብዙ ወራት የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ያለው፣ በዐሥር ሺሕ መክሊት ፊት ሲቆም ምን እንደሚመስል ነው። ይቅርታ የተበደለውን ሰው ቍስል ማቃለል አይደለም፤ ቍስሉን ከመስቀሉ ጎን አቁሞ ማየት ነው።

ይህ ነገር የድሮ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜን ጦርነት ወደ ዋግ ኽምራም ደርሶ፣ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ጥሎ ተሰዷል፤ ጎረቤት የነበሩ የአገውና የትግራይ መንደሮች፣ አንድ ገበያ የዋሉ፣ አንድ ታቦት ያነገሡ፣ በሐዘን ተራርቀዋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ሁለቱ ወገኖች ጦርነቱን እንዲያቆሙ አደረገ። ፊርማ ጠመንጃን ዝም ያሰኛል፤ በእናት ልብ ውስጥ ያለውን ደም ግን ፊርማ ብቻውን አያደርቀውም። በ1863 ዓ.ም. በአሳም ወንዝ ዳር የወደቁት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም በሁለቱ ወገን አሉ። ደም ይመለስ ቢባል ከየትኛው ዓመት ይጀመራል? ከ2013 ነውን፣ ከ1863 ነውን፣ ወይስ በጋይንት ከቅዱስ ቂርቆስ መሠዊያ ሥር? መዝገቡን ወደ ኋላ የገለጠ ሰው ቃየል ከአቤል ጋር ወደ ወጣበት ሜዳ ሳይደርስ አያቆምም።

አሁን ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ መመለስ ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቀራንዮ የራስ ቅል ስፍራ መባሉን ሲያስረዳ፣ የአዳም ዐፅም በዚያ እንደ ነበረ፣ ከጌታ ጎን የፈሰሰው ደምም በአዳም ራስ ላይ እንደ ወረደ ይናገራል። ሟቹ ከታች፣ ከፋዩ ከላይ ሆኑ። በሰቆጣም አጠገብ በአለቱ ውስጥ ያረፉት የዋግ መኳንንት እንዲሁ ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዱ ደም ያፈሰሰ፣ አንዳንዱም ደሙ የፈሰሰበት ይሆናል። ሣጥናቸው ይህን አይናገርም፤ የቤቱ ስም ግን ይናገራል። ገዳይና ሟች፣ ዕዳ ያለበትና ዕዳ ያለው፣ በአንድ መስቀል ሥር ተኝተው አንዱን ካሣ ይጠብቃሉ። የአቤል ደም ፍርድን ይጠይቃል፤ የክርስቶስ ደም ምሕረትን ይለምናል። ሕያዋን የሆኑት የዋግና የትግራይ፣ የላስታና የጎንደር ልጆች፣ ለሙታን የተረፈላቸውን ይህን ስፍራ ሳይሞቱ ቢሹት ይሻላቸዋል።